የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ሽቦ፤ ከአራዳና ከፒያሳ የጥገና ሙያ ታሪክ

ስለ አዲስ አበባ አውቶሞቢሎች እስካሁን የተጻፈው ታሪክ ከሞላ ጎደል የባለቤቶቻቸው ታሪክ ነው። ቤንትሊ የተባለው እንግሊዛዊ ሲድሊ የምትባለውን መኪና ከባሕር ጠረፍ በረሀውን አሻግሮ በ1900 ዓ.ም. ለዳግማዊ ምኒልክ እንዳቀረበ፣ ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልትስም በዚያው ወራት ናከ በተባለች መኪና እንደ ተፎካከረው፣ ከዚያ ቀደም ብሎም አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን ያስመጣው የመንገድ መዳመጫ «የሰርኪስ ባቡር» ተብሎ በሕዝብ አፍ እንደ ቀረ ደጋግመን አንብበናል። መኪናዋ ከገባች በኋላ የት እንደ ተበላሸችና ማን እንደ ጠገናት የሚነግረን ገጽ ግን ጥቂት ነው።

የመጽሔታችን አዘጋጆች ስለ ጥገና ሙያ ታሪክ እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ ስለ ሞተር ወይም ስለ ካምቢዮ የማወሳ መስሏቸው እንደ ነበር እገምታለሁ። እኔ የመረጥሁት ግን ከእርሳስ የቀጠነ አንድ ሽቦ ነው። በወጣትነቴ ያዋረደኝም ያስተማረኝም እርሱ ስለሆነ ምርጫዬ ከአድልዎ ነፃ ነው አልልም።

አስቀድሞ ስለ ስሙ። አራዳ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረው ታላቅ ገበያ ስም ነው። ጣሊያኖች ከተማዋን በያዙበት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ዘመን ገበያውን ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ስፍራ አዛወሩት፤ በአራዳም ላይ አደባባይ የሚል ትርጉም ያለውን የራሳቸውን ቃል ለጠፉበት። ወረራው ሲያበቃ ሁሉም ወደ አገራቸው አልተመለሱም፤ ከቀሩት መካከል በመካኒክነት የተሠማሩ ነበሩ፤ የኛም ልጆች ከእነርሱ ጋር እየዋሉ ሙያውን ሲቀበሉ ስሙን አብረው ተቀበሉ። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሽ፣ ባሌስትራ፣ ካንዴላ፣ ኮፋኖ፣ ኩሽኔታ፣ ቸርኬ፣ ክሪክ፣ ፒንሳ፣ ግራሶ የሚሉት ቃላት ሁሉ የዚያ ትምህርት ቤት ማኅተሞች ናቸው። በምዝገባ ደብተር ያልሰፈረ ትምህርት መሰጠቱን የሚመሰክር ከዚህ የበለጠ ሰነድ አላገኘሁም። የፍጥነት መለኪያው ግን ከእነዚህ ለየት ይላል። ጣሊያኖቹ ለመሣሪያው የሰጡት ስም ቃል በቃል «ኪሎ ሜትር ቆጣሪ» ማለት ነው፤ የኛም ሹፌር ኪሎ ሜትር ቆጣሪ ይለዋል። እዚህ ላይ ቃሉ አልተወሰደም፤ ተተረጐመ እንጂ። ከፍጥነቱ ይልቅ ቆጠራው ስም መሆኑም አይገርምም፤ ሹፌር ዘይት የሚለውጠውም መኪና የሚሸጠውም በቆጠራው ነውና።

የመሣሪያው አሠራር የስትራስቡርጉ ኦቶ ሹልሰ እ.ኤ.አ. በ1902 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ነው። ከጎማው ወይም ከካምቢዮው የሚነሣው ሽቦ በሰገባው ውስጥ እየዞረ ከዳሽቦርዱ ኋላ ያለችውን ማግኔት ያዞራል፤ ማግኔቷ በአሉሚኒየም ጽዋ ውስጥ ስትዞር ጽዋውን ሳትነካው በኤሌክትሪክ ጅረት ኀይል ትጎትተዋለች፤ ጽዋው ዞሮ እንዳይሄድ ደግሞ እንደ ፀጉር የቀጠነች የሰዓት ሞላ የመሰለች ጥምዝ ትይዘዋለች። መርፌው የሚያሳየን በእነዚህ በሁለቱ ትግል መካከል ያለውን ሚዛን ነው። በብዙ የአሜሪካ መኪናዎች ሽቦው በ1 ማይል 1,000 ጊዜ እንዲዞር ተደርጎ ይሠራ ስለ ነበር፣ በሰዓት 60 ማይል ለሚሄድ መኪና በደቂቃ 1,000 ጊዜ ይዞር ነበር ማለት ነው። ይህን ያህል የሚዞር ሽቦ ቢደርቅ ዝም እንደማይል ግልጽ ነው።

በፒያሳ ተራ ይዘው የሚውሉት ሰማያዊና ነጭ ታክሲዎች ሴይቼንቶ፣ ማለትም ፊያት 600 በነበሩበት ዘመን ይህ ጩኸት የከተማው ድምፅ አንዱ ክፍል ነበር። ሴይቼንቶ ሞተርዋም ካምቢዮዋም ከኋላ ስለሆነ ሽቦው የመኪናዋን ርዝመት አቋርጦ ወደ ሹፌሩ ይመጣል። ቮልስዋገን ደግሞ ሌላ ጠባይ አላት፤ ሽቦው ከግራው የፊት ጎማ መሐል፣ ከኩሽኔታው ክዳን ላይ ካለች አራት ማዕዘን ቀዳዳ ይነሣል። በክረምት የአራዳን ጭቃና ጎርፍ በቅርብ የሚያገኘውም ይኸው ጫፍ ነው። ኅዳር ገብቶ ማለዳው ሲበርድ አሮጌው ግራሶ ይጠጥራል፤ ሽቦው ይያዝና ይለቀቃል፤ መርፌውም ከ20 ወደ 50 እየዘለለ ይንቀጠቀጣል፤ ከዳሽቦርዱ ሥር አይጥ ያለች ይመስል ሲጥ ሲጥ ይላል። ተሳፋሪው ሞተሩ ሊፈርስ ነው ብሎ ይሠጋል።

በፒያሳ አካባቢ በአንድ ጋራዥ ልምምድ ላይ ሳለሁ እንዲህ የምትጮህ ሴይቼንቶ መጣች። መምህሬ ለምሳ ወጥተው ነበር። እኔም ብልህ ነኝ ብዬ ሽቦውን ከመሣሪያው ፈታሁና የሞተር ዘይት በሰገባው አፍ አንቆረቆርሁበት። ጩኸቱ ወዲያው ጠፋ፤ ባለ ታክሲውም መርቆኝ ሄደ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ተመልሶ መጣ። መኪናዋ ቆማለች፤ መርፌው ግን 40 ላይ ተጣብቋል፤ መስታወቱ ከውስጥ በዘይት ወዝቷል።

«አንተ ልጅ፣ ይህ ሽቦ እኮ ጥምዝ ነው» አሉኝ መምህሬ፤ «ሲዞር ዘይቱን ወደ ላይ ይስበዋል። ጆሮ አመመኝ ላለህ ሰው ዓይኑን አጠፋህለት።»

«ጋሼ፣ ጩኸቱ እኮ ጠፍቶ ነበር» ብዬ መመለሴን እስከ ዛሬ አፍርበታለሁ።

መሣሪያውን ይዤ በሰፈሩ ወደሚገኙ አንድ ሰዓት ጠጋኝ ተላክሁ። ሰውየው ለመኪና ዕቃ እጃቸውን ማቆሸሽ አልወደዱም፤ ቢሆንም ጽዋውንና ጥምዟን በቤንዚን አጥበው፣ በወረቀት አድርቀው፣ መርፌውን ከዜሮው ላይ መልሰው አስቀመጡት። ሒሳቡ ከደመወዜ ተቆረጠ።

ከዚያ በኋላ የተማርሁት አሠራር ይህ ነው። በመጀመሪያ ሽቦው ከመሣሪያው ተፈትቶ መኪናው ቀስ ብሎ ይነዳል፤ ጩኸቱ ከቀጠለ ጥፋቱ የሽቦው ነው፤ ከቆመ ግን መሣሪያውን መጠርጠር ይገባል። ሽቦው እንደ ጎራዴ ከሰገባው ተመዝዞ በቤንዚን ይታጠባል፤ ከደረቀም በኋላ በጠፍጣፋ መስታወት ላይ ይንከባለላል። ቀጥ ብሎ ከተንከባለለ ደኅና ነው፤ እየዘለለ ከተንከባለለ ተቆልምሟልና ማንም አያቃናውም። አራት ማዕዘን ጫፎቹ ክብ ሆነው ከተበሉም እንዲሁ ይጣላል። ደኅና የሆነው በጣት ስስ ግራሶ ይቀባል፤ ወደ መሣሪያው የሚገባው የላይኛው አንድ ስንዝር ግን ሳይቀባ ይቀራል። ሲመለስም ሰገባው የትም ስፍራ በጠባቡ እንዳይታጠፍ መጠንቀቅ ያሻል። በጠባቡ የታጠፈ ሽቦ ግራሶ ቢጠጣም መጮሁን አይተውም።

አዲስ ሽቦ በማይገኝበት ጊዜ የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ቆርጠው የሚተኩ ነበሩ። ድካማቸውን አከብራለሁ፤ ነገር ግን የብስክሌቱ ሽቦ ለመሳብ እንጂ ለመጠምዘዝ አልተሠራም። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ሽቦ ሽፋን በሽፋን፣ አንዱ በአንዱ ላይ በተቃራኒ አቅጣጫ የተጠመጠመ ነው፤ የጠምዛዡን ኀይል የሚችለውም በዚህ ነው።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ሽቦውን ፈትቶ መተው ነበር። ብዙ ባለ ታክሲዎች ጩኸቱን ያስታገሡት በዚህ መንገድ ነው። ጸጥታ ይገኛል፤ መኪናዋም ከዚያን ቀን ጀምሮ ዕድሜ መቁጠር ታቆማለች። ዘይት የሚለወጥበት ጊዜ በግምት ይሆናል፤ ገዥው ያልተጓዘች መኪና የገዛ ይመስለዋል፤ ሹፌሩም ከማዘጋጃ ቤቱ ወደ ለገሐር በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ሲወርድ ፍጥነቱን በነፋሱ ድምፅ ይለካል። በዚህ ጉዳይ ባለ ታክሲውን ብቻ አልወቅስም፤ ፈትቶ የሰጠው የሙያ ባልደረባችን ነውና።

ሴይቼንቶዎቹን የተኳቸው ላዳዎች የፊያት 124 ልጆች ስለ ነበሩ የፒያሳ እጅ ለእነርሱም እንግዳ አልሆነም። በኋላ የመጡት መኪናዎች ግን ፍጥነታቸውን የሚለኩት በኤሌክትሪክ ምልክት ነው፤ የሚቀባ ነገር የላቸውም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ አገደ፤ በዚያው ዓመት የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ብዙዎቹ ለኮሪደር ልማት ፈረሱ። ቮልስዋገኖች ግን አሁንም በከተማው ይታያሉ። ባለፈው ኅዳር አንድ ወጣት መካኒክ የአያቱን ቮልስ ሽቦ ይዞ ወደ ቤቴ መጥቶ ነበር። የጠረጴዛዬን መስታወት ጠርገን አንከባለልነው፤ ከመሐል አንድ ጊዜ ዘለለ። አዲስ ሽቦ እየፈለገ ነው።