የሐረር መንገድና የመንገደኛው ገበታ

ወደ ጀጎል፣ በግንብ ወደ ታጠረችው ጥንታዊት ሐረር፣ የሚወስደው የጥንቱ ዋና መንገድ የሚነሣው ከአዲስ አበባ አልነበረም፤ ከዘይላ ወደብ ነበር። የሐረር ቡናና የዝሆን ጥርስ በግመል ተጭኖ ወደ ባሕር ይወርዳል፤ ጨርቅ፣ ሩዝና ቴምር ይመጣል። እንግሊዛዊው መኮንን ሪቻርድ በርተን በዚህ መንገድ እንደ ዐረብ ነጋዴ ለብሶ ተጉዞ፣ በታኅሣሥ 1847 ዓ.ም. መጨረሻ በከተማዋ በር ላይ ማንነቱን ገልጦ ገባ። የሐረር ገዥ በነበሩት በአሚር አሕመድ ከተማ የቀረበለትን ምግብ ሳይጽፍ አላለፈም፤ የማሽላ ቂጣ በእርጎ ርሶ፣ ከላዩ ቀይ በርበሬ በብዛት ተነስንሶበት። በርተን ስለ ሕዝቡ የጻፈው ንቀት የበዛበት ቢሆንም፣ ስለ ገበታው የሰጠው ምስክርነት ግን ይታመናል፤ ማሽላ ዛሬም የሐረርጌ ገበሬ ዋና እህል ነው።

ከምዕራብ የሚመጣው መንገድ ስሙ የሚነሣው ከጦርነት ጋር ነው። የንጉሥ ምኒልክ ጦር የሐረሩን የአሚር አብዱላሂን ጦር ጨለንቆ ላይ ድል ያደረገው በ1879 ዓ.ም.፣ በገና ሰሞን ነበር። ሐረርን እንዲያስተዳድሩ የተሾሙት መኮንን፣ በኋላ ራስ የተባሉት፣ ከጨለንቆ ብዙም በማይርቀው ቁልቢ የቅዱስ ገብርኤልን ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ ታመው ያረፉትም እዚያው ቁልቢ ነው፤ በመጋቢት 1898 ዓ.ም.።

ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ ሐረርን ወደ ጎን ትቶ ከተራራው ሥር ቀረ። ሐዲዱን ሽቅብ ማውጣት ወጪው ከባድ ነበርና ድሬዳዋ በዚሁ ምክንያት ተቆረቆረች። ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያዎቹ ዘመናት ባቡሩ በሌሊት ስለማይጓዝ መንገደኛው ድሬዳዋና አዋሽ ላይ ያድር ነበር። የአዋሽ ጣቢያ ቡፌ የታወቀው በዚሁ ነው።

መኪና ሲመጣ ማረፊያዎቹም ተለወጡ። ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር ያለው ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ መንገድ ከአዋሽ በኋላ ሚኤሶን አልፎ ወደ ጨርጨር ደጋ ይወጣል። ቆላው የግመል ወተት አገር ነው፤ ዕቃው በጭስ ስለሚታጠን ወተቱ የጭስ ሽታ አለው፣ ያልለመደውም በመጀመሪያው ጉንጭ ፊቱን ያጨማድዳል። አሰበ ተፈሪ፣ የዛሬዋ ጭሮ፣ ከዚያም ሂርና ምሳ የሚበላባቸው ከተሞች ናቸው።

የዚህ መንገድ ትልቁ የበጋ ጉዞ ወደ ቁልቢ ገብርኤል በዓል ነው። በዓሉ ታኅሣሥ 19፣ በነቢያት ጾም ውስጥ፣ የሚውል በመሆኑ፣ ምእመናኑ በየከተማው የሚጠይቁት ሽሮና በያይነቱ ነው። የሐረርጌን ሥጋና ወተት ጾመኛው የሚቀምሰው ጾሙ ሲፈታ ነው። ሁለተኛው የቁልቢ በዓል የሚውልበት ሐምሌ 19 ግን፣ ረቡዕ ወይም ዓርብ ካልዋለ፣ የፍስክ ቀን ነው።

ከቁልቢ በኋላ መንገዱ ደንገጎ ላይ ከድሬዳዋ ከሚመጣው ጋር ይገናኝና በሐረማያ በኩል ወደ ጫት ገበያዋ አወዳይ ይደርሳል። ከዚያ ሐረር ቅርብ ናት።

አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንዳስገነቡት የሚነገረው የጀጎል ግንብ አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት፤ ሁሉም ለእግረኛና ለጭነት እንስሳ የተሠሩ ናቸው። ሐረር በር የሚባለው ስድስተኛው በኋላ የተከፈተ ሲሆን፣ መኪና የሚገባው በዚያ ነው። በጊዲር መጋላ ገበያ ሥጋ የገዛ ሰው ከላይ የሚያንዣብበውን ጭልፊት ካልተጠነቀቀ ከእጁ ሊነጠቅ ይችላል። በሐረሪ (አደሬ) ቤት ሑልበት መረቅ ሲዘጋጅ የተዘፈዘፈው አብሽ አረፋ እስኪያወጣ ድረስ ይመታል፤ ከሥጋው መረቅ ጋር የሚቀርበው ከዚያ በኋላ ነው። የቡናው ፍሬ ለገበያ ሲሄድ ቅጠሉ በቤት ቀርቶ ከወተት ጋር ፈልቶ ቁጢ ይሆናል። ሐላዋና ሳምቡሳ በየመንገዱ አይጠፋም።

ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ የታየው ግንቡና ቤቶቹ ነው፤ ገበታው ግን ከግንቡ አያንስም። ይህን መንገድ ለምግቡ ብሎ የሚጓዝ ጾመኛ ከገና በኋላ ቢነሣ ይሻለዋል፤ መኪናውንም ሐረር በር አቁሞ በእግሩ ይግባ።