ፍንጭት፣ ግግ እና ሽቦ

በጎንደር ከተማም ሆነ በሰሜን ጎንደር ደጋ፣ ከላይ ባሉት ሁለት የፊት ጥርሶቿ መሃል ክፍተት ያላት ልጅ ስትስቅ አፏን በእጇ አትሸፍንም። ፍንጭት ናት፤ ዘፋኝም ያወድሳታል። ድዷን ተነቅሳ ከሆነማ ይበልጥ ያምርባታል፤ ነቃሿ ድዱን በመርፌ እየወጋች ጥላሸት ታስገባበታለች፤ ድዱ ሲጠቁር ጥርሱ ከወትሮው ነጥቶ ይታያል። ንቅሳቱ በወጣቶች ዘንድ እየቀረ ነው። የፍንጭት ገበያ ግን አልቀዘቀዘም።

አሜሪካዊው የጥርስ ሐኪም ኤድዋርድ አንግል ይህን ጥርስ ቢያይ ኖሮ እጁ ወደ ጥርስ ማስተካከያ ሽቦ መሄዱ አይቀርም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1899 የጥርስን አገጣጠም በሦስት መደብ የከፈለው እሱ ነው። በሱ ዘመን ሽቦው ከወርቅ ቅይጥ ይሠራ ነበር፤ ከ1930ዎቹ ወዲህ ርካሹና ጠንካራው የማይዝግ ብረት ቀስ በቀስ ቦታውን ወሰደ። ብረቱ ግን ግትር ነው። በጣም ለተጣመመ ጥርስ ሲታሰር መጀመሪያ ላይ ያለ ልክ ይጎትታል፤ ጥርሱ ትንሽ እንደተንቀሳቀሰ ጉልበቱ ያልቃል። ከመጠን በላይ ከታጠፈም እንደታጠፈ ይቀራል።

መላው የተገኘው ማንም ባልጠበቀው ቦታ፣ በአሜሪካ ባሕር ኃይል የጦር መሣሪያ ቤተ ሙከራ ነው። ዊልያም ቡለር ለሚሳኤል አፍንጫ የሚሆን ብረት ሲፈልግ ኒኬልና ታይታኒየም ቀላቀለ። በ1961 በአንድ ስብሰባ ላይ እጥፍጥፍ የተደረገ የቅይጡ ቁራጭ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር፣ አንዱ ተሰብሳቢ በፒፓው ማቀጣጠያ አሞቀው። ቁራጩ ተዘርግቶ ቀጥ አለ!

በ1970ዎቹ መጀመሪያ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲው ጆርጅ አንድሪያሰን ቅይጡን ለጥርስ ማስተካከያ አዋለው። ያ ሽቦ ተለማጭ ቢሆንም ዛሬ የሚፈለገው ጠባይ ገና አልነበረውም፤ ያን ጠባይ የያዘው ሽቦ በ1985 ከቻይና፣ በ1986 ከጃፓን መጣ። አዲሱ ሽቦ ሲታጠፍ የውስጥ ቅንጣቶቹ አደራደር ይለወጣል፤ ሲለቀቅ ወደነበረበት ይመለሳል። በመመለስ ላይ ሳለ ጥርሱን የሚገፋው ቀስ ብሎ፣ ጉልበቱን ብዙም ሳይቀንስ ነው። በሙቀት የሚሠራው ዓይነት ደግሞ ሲቀዘቅዝ እንደ ክር ይለሰልሳል፤ አፍ ውስጥ ሲሞቅ ይነሣል። የደባርቅን ቀዝቃዛ ውሃ የጠጣ ታካሚ ሽቦው ለጊዜው ሲላላ፣ ትኩስ ቡና ሲከተል ሲጠነክር ሊሰማው ይችላል።

በቡለር ዘመን ጎንደር ሌላ ጣጣ ነበረባት። እ.ኤ.አ. በ1953 ወባ በደምቢያ ሺዎችን ፈጀ፤ በ1954 የጎንደር ሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ያሠለጠናቸውም ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ነበር፤ ለጠማማ ጥርስ ማን ጊዜ ነበረው? ያ ኮሌጅ አድጎ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆኗል፤ ዛሬ የጥርስ ሐኪሞችም ያሠለጥናል።

ሽቦ ከመመረጡ በፊት መታየት ያለበት ግን አንድ ሌላ ልማድ አለ። ሕፃን ተቅማጥ ወይም ትኩሳት ሲይዘው «ግግ ነው» ይባልና ገና ያልበቀለው ክራንቻ ድዱ ተሰንጥቆ ይወጣል። ለሕፃኑ የኢንፌክሽንና የደም መፍሰስ አደጋ አለው፤ ከሥሩ ያለው የቋሚ ጥርስ ጽንስም አብሮ ሊጎዳ ይችላል። ልጁ ሲያድግ ክራንቻው ተበላሽቶ ወይም ቦታውን ስቶ ሊበቅል ይችላል፤ አንዳንዴም ጭራሽ አይበቅልም። የጠፋን ጥርስ ምንም ዓይነት ሽቦ አይመልሰውም።

ሐኪም አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በቀጭን ክብ የኒኬል ታይታኒየም ሽቦ ነው፤ 0.014 ኢንች የተለመደ ነው። ከጃናሞራ ለሚመጣና ቶሎ ቶሎ መመላለስ ለማይችል ሰው ይህ ሽቦ ከብረቱ ይሻላል፤ በአንድ እስር ረጅም ጊዜ ይሠራልና። ነገር ግን ጥርስ ላይ የተለጠፈው የሽቦ መያዣ (ብራኬት) ከተነቀለ ያለ ተቆጣጣሪ ጥርስን ወደማይሆን ቦታ ሊወስድ ይችላል። ኒኬል ለማይስማማው ሰው አይሆንም። ሐኪም አጥፎ ቅርጽ ሊሰጠውም አይችልም፤ ስለዚህ ማጠናቀቂያው ላይ ያው የጥንቱ ብረት ይመለሳል።

ፍንጭቱስ? ሐኪሙ ባለፍንጭቷን ሳይጠይቅ መዝጋት የለበትም፤ አንዳንዷ የመጣችው የታች ጥርሷን ልታስተካክል ብቻ ነው። ይዘጋ ያለችም ትወቀው፦ ፍንጭት ተመልሶ የመከፈት ጠባይ ስላለው፣ የጥርስ ማስተካከያው ከወለቀ በኋላ ከጥርሶቹ ጀርባ ቀጭን ሽቦ ተለጥፎ ለዓመታት ይኖራል።