የምግብ ቤት ሥራ በመቱና በጎሬ

እንደ መቱና ጎሬ ባሉ የኢሉባቦር ከተሞች ምግብና መጠጥ ሸጦ ማደር ከቡና ንግድ ጋር ያደገ ሥራ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በግንቦት 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር የተዋዋሉት የድንበር ስምምነት በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ፈቀደ፤ ጣቢያውም ጋምቤላ ላይ ተከፈተ። የካርቱም ጀልባ እዚያ የሚደርሰው ወንዙ በሚሞላበት በክረምት ስለነበር፣ ቡናው አስቀድሞ ከጎሬ በበቅሎና በሸክም ይወርድ ነበር። ሲራራ ነጋዴ ስንቁን ይዞ ስለሚጓዝ በየከተማው በብዛት የሚገዛው መጠጥ ነበር። የጠላና የጠጅ ቤት ሥራም በሴቶች እጅ ነበር፤ ጠማቂዋ፣ ቀጂዋና ሒሳብ ተቀባይዋ ብዙ ጊዜ አንዲት ሴት ነበረች።

መኪና በቅሎን ሲተካ የቡናው ጉዞ ወደ ጅማና አዲስ አበባ ዞረ። ስንቅ የማይይዘው ሾፌርና ተሳፋሪ ትኩስ ምግብና አልጋ ስለሚፈልግ ግቢው ውስጥ መኝታ ያለው «ሆቴል» ተስፋፋ። ሥራውም ለእንጀራ ጋጋሪ፣ ለወጥ ሠሪ፣ ለአስተናጋጅ፣ ለዕቃ አጣቢና ለአልጋ አንጣፊ ተከፋፈለ። ከሩቅ ገጠር ለመጣች ወጣት ይህ ሥራ ምግብና ማደሪያ ያስገኝላታል፤ በምትኩ ቀኗ የመጀመሪያው አውቶቡስ ከመነሳቱ በፊት ተጀምሮ የመጨረሻው ጠጪ ሲወጣ ያበቃል።

በ1968 ዓ.ም. የወጣው የሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 64 መደበኛውን ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ወሰነው። በቤተሰብ በሚተዳደር ትንሽ ቤት ግን ሰዓቱን የሚወስነው እንግዳው ነው። በ1970 ዓ.ም. አካባቢ የኢሉባቦር ክፍለ ሀገር መቀመጫ ከጎሬ ወደ መቱ ሲዛወር መሥሪያ ቤቶቹና የሚመገበው ሠራተኛ አብረው ሄዱ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት የተከፈተው መቱ ዩኒቨርሲቲ ሌላ ገበያ ጨመረ።

የሥራው ገቢ ዛሬም እንደ ወቅቱ ይለያያል። የቡና ለቀማና ሽያጭ ሲደርስ ገበሬውም ደላላውም ገንዘብ ይይዛል፤ ጉርሻም ይበዛል። በ55ቱ ቀን የዐቢይ ጾም የሥጋ ገበያ ይቀዘቅዛል፤ በረመዳን ደግሞ የቀኑ ተመጋቢ ይቀንሳል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ከደመወዝ የሚቆረጠው በአንድ ጊዜ ከሲሶ እንዳይበልጥ ይከለክላል፤ ዝቅተኛ ደመወዝን የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋምም ይደነግጋል። በተግባር ግን የአስተናጋጅ ደመወዝ የሚወሰነው ከአሠሪ ጋር በሚደረግ ስምምነት ነው፤ የጎደለውን የሚሞላው ጉርሻ ነው። ጉርሻ የማይደርሳቸው ጋጋሪና ዕቃ አጣቢ ገበያው ሲደራ ሥራ ይበዛባቸዋል እንጂ ገቢያቸው አይጨምርም።