የጣሪያና የመስኮት መጋጠሚያን ዳግም መድፈን

የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የአሸንዳና የአሉሚኒየም መስኮት መጋጠሚያዎች ውኃ እንዳያስገቡ ያረጀውን ማሸጊያ አንስቶ በአዲስ የመተካት ሥራ ነው። ለቦሌ፣ ለገርጂ፣ ለሰሚትና ለአያት ቤቶች የሚመቸው ጊዜ ክረምት ከመግባቱ በፊት ነው፤ የአዲስ አበባ ከባድ ዝናብ የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነውና።

ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ፀሐይዋ ትከርራለች። ቀን የጋለ ቆርቆሮ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ መለጠጡና መኮማተሩ ሚስማሩን ያላላል፣ ከሥሩ ያለውን ጎሚኒ ይሰነጥቃል። ስለዚህ ፍሳሹ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከሚስማሩ ቀዳዳ፣ ከጣሪያው ራስ መክደኛና ቆርቆሮው ከግድግዳ ጋር ከሚገናኝበት ነው። ውኃው በጣሪያው እንጨት ላይ ተጉዞ ስለሚንጠባጠብ የኮርኒሱ እድፍ አሳሳች ነው።

ብዙ ሰው በአሮጌው ሲሊኮን ላይ አዲስ ይቀባል። ከንቱ ድካም! ሲሊኮን በደረቀ ሲሊኮን ላይ በወጉ አይያዝም፤ አሮጌው መፋቅ፣ ቦታውም መጽዳትና መድረቅ አለበት። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት ለመስታወት ቢስማማም ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮን ይበላል፤ ለጣሪያ ገለልተኛው ይመረጣል። ሬንጅ ርካሽ ነው፣ ግን ፀሐይ ያደርቀውና ይሰነጠቃል። ከመስኮቱ ሐዲድ ሥር ያለው የውኃ መውጫ ቀዳዳ ፈጽሞ አይደፈንም፤ ከተደፈነ ውኃው ወደ ክፍሉ ይመለሳል።

በኮንዶሚኒየም ጣሪያው የጋራ ንብረት በመሆኑ ጥገናው የላይኛው ፎቅ ነዋሪ ሳይሆን የባለቤቶቹ ማኅበር ኃላፊነት ነው።