የራስ ዳርጌ ቤትና የሰላሌ ጉልት

በቀድሞ ዘመን በፈረንሳይ አገር የመኳንንት ቤተ ሰብ ብዙውን ጊዜ ስሙን የሚወስደው ከርስቱ ነበር። ርስቱም ለበኵር ወንድ ልጅ ስለሚያልፍ ስሙና ግንቡ አብረው ይወረሱ ነበር። በኢትዮጵያ ግን ትውልድ የሚቈጠረው በአባትም በእናትም ነውና፥ በሴት ልጅም በኩል ቤት ይቆማል። ለዚህ ነገር ምስክር የሚሆን የራስ ዳርጌ ቤት ነው።

ራስ ዳርጌ ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. ሸዋን የገዙት የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ልጅ ናቸው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1848 ዓ.ም. ሸዋን በያዙ ጊዜ፥ ከወንድማቸው ልጅ ከምኒልክ ጋር ወደ መቅደላ ተወሰዱ። ኋላ በምኒልክ ዘመን ሰላሌን ገዙ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ ሲዘምቱ አገሩን ለአጎታቸው አደራ ሰጥተው ሄዱ። ራስ ዳርጌ በ1892 ዓ.ም. ዐረፉ።

ወንዶች ልጆች ነበሯቸው። ነገር ግን ቤቱን አጽንቶ ሰላሌን የወረሰው የሴት ልጃቸው የወይዘሮ ትሰሜ ልጅ ነው፤ እርሱም ከላስታው ደጃዝማች ኃይሉ ወልደ ኪሮስ የተወለዱት ልዑል ራስ ካሣ ናቸው። ይህም እንግዳ ነገር አልነበረም፤ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው ከሣህለ ሥላሴ የሚወለዱት በአያታቸው በወይዘሮ ተናኘ ወርቅ በኩል ነው። ራስ ካሣም ለዙፋን የሚያበቃ ትውልድ ሳላቸው፥ ለዘመዳቸው ታማኝ ሆነው ኖሩ።

ጉልት ማለት ግብር የመብላት ሥልጣን ነው፤ ዋጋውም ሲጠራ አገልግሎት መክፈል ነው። ይህ ቤት ዋጋውን በደም ከፈለ። አቡነ ጴጥሮስ በተሠዉበት በሐምሌ 1928 ዓ.ም.፥ የራስ ካሣ ልጆች አበራና አስፋ ወሰን አዲስ አበባን ከጠላት ለማስለቀቅ ተዋጉ። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ታላቅ ወንድማቸው ወንድወሰን በላስታ ተይዞ ተገደለ። ሁለቱም ወንድማማቾች በምሕረት ቃል ተታለው እጃቸውን ከሰጡ በኋላ፥ በዚያው ወር በ12 ቀን በቅድመ አያታቸው ከተማ በፍቼ ተገደሉ። አባታቸው ግን ከስደት ተመልሰው እስከ ኅዳር 1949 ዓ.ም. ኖሩ።

የቀረው ልጅ ልዑል ራስ አሥራተ ካሣ የኤርትራ እንደራሴ፥ ኋላም የዘውድ ምክር ቤት ሰብሳቢ ነበሩ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ያለ ፍርድ ከተገደሉት ስልሳ ያህል ሰዎች አንዱ ሆኑ። ከሦስት ወር ከዐሥራ አንድ ቀን በኋላም፥ የካቲት 25 ቀን በወጣው አዋጅ፥ በሰሜን ከሰላሌ በደቡብ እስከ አቃቂ ቃሊቲ ሜዳ፥ ጭሰኛው ለባለ ርስት ሲገብርበት የኖረው የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ የጋራ ሀብት ተባለ። የፈረንሳይ መኳንንትም በፈረንጅ 1789 ዓ.ም. የነሐሴ 4 ሌሊት በጉባኤ ውሳኔ የባላባት መብታቸውን እንዲሁ አጥተው ነበር።

ገበሬው ከጭሰኝነት መውጣቱ የተገባ ነበር፤ ያለ ፍርድ የፈሰሰው ደም ግን የተገባ አልነበረም። ሁለቱን ለይቶ መጻፍ የታሪክ ጸሓፊ ግዴታ ነው። ሰላሌ ከቤቱ እጅ ወጣ። የወይዘሮ ትሰሜ ትውልድ ግን በመሬት ስም የተጠራ ስላልነበረ፥ ከመሬቱ ጋር አልጠፋም።