«መጨረሻው ስንት ነው?»

ባለፈው የፋሲካ ዋዜማ ከእናቴ ጋር ቅቤ ልንገዛ ሾላ ገበያ ሄድን። እናቴ እንደ ልማዷ አንዷ ባለቅቤ ፊት ቆመች፤ በጥፍሯ ቆንጥራ እጇ ጀርባ ላይ ቀባች፣ አሸተተች፣ ፊቷን ትንሽ አጨማደደች (ቅቤው ግሩም ነበር) ከዚያ ጠየቀች።

«እታለም፣ መጨረሻው ስንት ነው?»

«ለእርስዎ ብዬ ነው እንጂ…» ብላ ሴትየዋ ዋጋ ጠራች። እናቴ ምንም ሳትል ዞራ ሄደች። አምስት እርምጃ ያህል። «ኧረ ይምጡ እናቴ!» ተባለች። ዋጋው ወረደ።

እኔ ልቤ ሌላ ቦታ ነበር። በዋዜማው ማታ በስልክ በሚካሄድ አንድ ጨረታ ላይ አንዲት ያገለገለች ካሜራ አምልጣኛለች። ጨረታው ሦስት ቀን ቆይቶ ልክ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ይዘጋል። 2፡59 ድረስ አንደኛ ነበርኩ። ሊዘጋ ሰከንዶች ሲቀሩት አንድ ሦስቱን ቀን ድምፁ ያልተሰማ ሰው 50 ብር ጨምሮ ወሰዳት። የሚያናድደው እኔ አንድ ሺህ ብር ልጨምር ዝግጁ ነበርኩ። ሻጩም አንድ ሺህ ብር አጣ፣ እኔም ካሜራዬን አጣሁ።

የእናቴን ጥያቄ ዕድሜዬን ሙሉ ሰምቼዋለሁ፤ የዚያን ቀን ግን ሌላ ሆኖ ተሰማኝ። «መጨረሻው ስንት ነው?» ማለት «ከዚህ በታች አልሸጥም ብለሽ በሆድሽ የያዝሽውን ቁጥር አውጪው» ማለት ነው። ያንኑ ቁጥር በጨረታ ቋንቋ መነሻ ዋጋ ይሉታል። ገበያተኛ መጨረሻ የሚለውን ጨረታ አውጪ መነሻ ይለዋል። ነገሩ ግን አንድ ነው፤ ጥያቄው ማን ያውቀዋል፣ ማንስ ይደብቀዋል የሚለው ነው።

መንግሥት እንዴት እንደሚደብቀው ለማየት የአዲስ ዘመንን የጨረታ ገጽ መግለጥ ይበቃል። «መሥሪያ ቤቱ የተሻለ አማራጭ ካገኘ ጨረታውን በሙሉም ሆነ በከፊል የመሰረዝ መብቱ የተጠበቀ ነው» የምትለዋን የመጨረሻ መስመር ያላየ የለም። ሲፒኦ ሲያሠሩ የኖሩ ሰዎች በቃላቸው ይሏታል። እኔ ደግሞ የአገራችን በጣም የታወቀ ድብቅ መነሻ ዋጋ ብዬ ነው የማነባት። በሆዳችን የያዝነው ቁጥር አለ፣ እሱ ካልሞላ ስጡን ብላችሁ አትሟገቱን እንደማለት ነው። ባለቅቤዋም የምታደርገው ይኼንኑ ነው፤ ልዩነቱ እሷ ማኅተም የላትም።

መሬት ላይ ሲደርስ ነገሩ ይገለበጣል። ሊዝ በአዋጅ ቁጥር 80/1986 ገባ፤ ዛሬም ስሙ የሚነሳው አዋጅ ቁጥር 721/2004 ደግሞ የሊዝ መነሻ ዋጋ እንዲወጣለትና ቢያንስ በየሁለት ዓመቱ እንዲከለስ አዘዘ። እዚህ መነሻው አደባባይ የወጣ ነው፤ የሚደበቀው የተጫራቹ ዋጋ ነው፣ በታሸገ ኤንቨሎፕ። ኤንቨሎፕ ደግሞ የራሱ ጭንቀት አለው። ያሸነፈ የጻፈውን ይከፍላል፤ ስለዚህ መሬቱ ለእኔ ስንት ያወጣል ከሚለው በላይ ጎረቤቴ ስንት ይጽፍ ይሆን የሚለው እንቅልፍ ይነሳል። በ2007 ዓ.ም. ኅዳር ላይ መርካቶ ውስጥ ለአንድ ካሬ ሜትር 305,000 ብር የጻፈ ተጫራች ሲወጣ ከተማው ለሳምንታት ሌላ ወሬ አልነበረውም። በዚያን ጊዜ የከተማዋ መነሻ ዋጋ ውዱ ቦታ ላይ እንኳ 2 ሺህ ብር አይሞላም ነበር። እንዲህ ያለ መነሻ ለገበያው ምንም አይነግረውም። ተጫራቹ በጨለማ ይጽፋል፣ በማግስቱ ሁለተኛው ስንት እንደጻፈ ሰምቶ ራሱን ይይዛል።

ዊልያም ቪክሬይ የሚባል የምጣኔ ሀብት ሰው እ.ኤ.አ. በ1961 ለዚህ ጭንቀት መድኃኒት ጽፎ ነበር፦ ከፍተኛውን የጻፈ ያሸንፍ፣ የሚከፍለው ግን ሁለተኛው የጻፈውን ዋጋ ይሁን። ያን ጊዜ ሰው መዋሸት አያስፈልገውም፤ እውነተኛ መጨረሻውን ጽፎ ይተኛል። (ቪክሬይ እ.ኤ.አ. በ1996 የኖቤል ሽልማት ማሸነፉ በተነገረ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ይኼን ባነበብኩ ቁጥር ደስ አይለኝም።) እ.ኤ.አ. በ1995 የተጀመረው ኢቤይ የሚሠራው ወደዚህ በተጠጋ መንገድ ነው፤ መጨረሻህን ለማሽኑ ትነግረዋለህ፣ እሱ ሌላው ሰው በጨመረ ቁጥር በትንሽ በትንሹ ይጨምርልሃል። እና ታዲያ ሰው ለምን ሰከንድ እስኪቀር ይደበቃል?

ሰዓቱ ነው ነገሩ። አልቪን ሮዝና አክሰል ኦከንፌልስ እ.ኤ.አ. በ2002 ኢቤይንና አማዞን ያን ጊዜ የነበረውን ጨረታ አስተያዩ። ኢቤይ ሰዓቱ ሲደርስ ይዘጋል፣ አለቀ። አማዞን ግን በመጨረሻዎቹ 10 ደቂቃዎች ሰው ከጨመረ ሰዓቱን ያራዝማል። የመጨረሻ ደቂቃ አድፋጭ የበዛው ኢቤይ ላይ ሆኖ ተገኘ። ካሜራዬን የወሰደችብኝ የ3 ሰዓቷ ደንብ ነበረች ማለት ነው። ሰውየውን ስረግም አድሬ ነበር፤ ይቅርታ።

ይኼ ደንብ ለገበሬ ምን ማለት እንደሆነ ያየሁት በቡና ነው። ድሮ የቡና ጨረታ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ይካሄድ ነበር። በ2000 ዓ.ም. በዶ/ር እሌኒ ገብረ መድኅን መሪነት የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ተከፈተና ቡናም ወደዚያ ገባ። ሻጭና ገዢ መድረኩ ላይ ይጯጯሁና ሲስማሙ መዳፍ ለመዳፍ ይማታሉ፤ በኋላ መዳፉን ኮምፒውተር ተካው። ጥሩ ነገር ነበረው፣ ዋጋው በግልጽ ይታይ ነበር። ግን ቡናው በአካባቢና በደረጃ ይደባለቅ ስለነበር የአንድ ገበሬ ቡና ስሙን ይዞ አይወጣም። ስም የሌለው ዕቃ ደግሞ የራሱ መጨረሻ ሊኖረው አይችልም፤ የክምሩን ዋጋ ይቀበላል።

ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ ደንቡ ላላና ሰኔ 18 ቀን 2012 ዓ.ም. ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ የሚባለው ውድድር የመጀመሪያውን የኢትዮጵያ ቡና ጨረታ በኢንተርኔት አካሄደ። ውድድሩ ብራዚል ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1999 የተጀመረ ነው። ከ1,400 በላይ ናሙና ቀርቦ፣ ተቀምሶ፣ ጥቂቶቹ ብቻ ለጨረታ ደረሱ፤ እያንዳንዱ የገበሬውን ስምና መነሻ ዋጋውን ይዞ። እኔን የማረከኝ ሰዓቱ ነው። አንድ ሰው በማንኛውም ቡና ላይ በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ እንደገና 3 ደቂቃ ይሆናል፤ ሁሉም ቡና የሚዘጋው 3 ደቂቃ ሙሉ ማንም ዝም ሲል ብቻ ነው። ማድፈጥ ዋጋ የለውም። አንደኛ የወጣው የሲዳማው የንጉሤ ገመዳ ቡና በፓውንድ 185.10 ዶላር ተሸጠ፤ በኪሎ ከ400 ዶላር በላይ ማለት ነው። የቀኑ ሽያጭ በጠቅላላው ከ1.3 ሚሊዮን ዶላር አለፈ።

እርግጥ ዋጋውን የሰቀለው ቡናው ነው፣ ሰዓት ቡና አያጣፍጥም። ግን ያ ቡና እንደኔ ካሜራ «ልክ 3 ሰዓት» ተብሎ ቢሸጥ ኖሮ፣ የሆነ ሰው መጨረሻውን ሳያወጣ ኪሱ ውስጥ እንደያዘ ሰዓቱ ያልፍ ነበር። የሚጎድለው ከገበሬው ነው።

ሾላ ላይ የግድግዳ ሰዓት የለም። እናቴ ሄዳ ተመለሰች፣ እንደገና ሄደች፣ አንዲት ሌላ ሴት መጥታ ያንኑ ቅቤ ማሽተት ስትጀምር ግን ሮጣ ተመለሰችና ተስማማች። ቅቤው በኮባ እየተጠቀለለ ሳለ ጎንበስ ብዬ ጠየቅኩ።

«እትዬ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፣ መጨረሻዎ ስንት ነበር?»

ሴትየዋ ከእናቴ ጋር ተያይተው ሳቁ።

«አንተ ልጅ፣ እሱን ለባሌም ነግሬው አላውቅ» አለችና ወደ ቀጣዩዋ ዞረች።