ፍጥነት በነገሠበት ዘመን ዝግ ብሎ የወረወረው ሰው

በ1970ዎቹ መጨረሻ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) የዓለም ክሪኬት በፍጥነት ተይዞ ነበር። ዌስት ኢንዲስ አራት ፈጣን ወርዋሪዎችን እያፈራረቀ፣ ኳሷን ወደ መቺው ደረትና ጭንቅላት እያስነሣ ሁሉንም አንበረከከ። ሌላውም አገር ፈጣን ፍለጋ ወጣ።

በዚህ መሀል አንድ የቆየ ጥበብ ሊረሳ ተቃርቦ ነበር። ሌግ ስፒን ይባላል። ወርዋሪው ኳሷን በዝግታ ነው የሚለቃት፤ ስትወጣ ግን በእጁ አንጓና በጣቶቹ ያሾራታል። መሬት ነክታ ስትነሣ አቅጣጫ ትቀይራለች። ጉግሊ የምትባለው ደግሞ ከዚያችው ከምትመስል አጣጣል ወጥታ በተቃራኒው ትታጠፋለች። መቺው ከእጁ ላይ ካላነበበ አለቀለት። ችግሩ፣ ወርዋሪው ትንሽ ከሳተ ኳሷ በቀላሉ ትመታና ነጥብ ይፈሳል። አምበሎች ደግሞ ነጥብ የሚያፈስ ሰው አይወዱም።

አብዱል ቃድር የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። በ1955 በፓኪስታኗ ላሆር ተወለደ። በ1977 እዚያው ላሆር ላይ ከእንግሊዝ ጋር ቴስት የሚባለውን፣ አምስት ቀን የሚዘልቀውን ግጥሚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጫወተ። በሁለተኛው ግጥሚያው በሃይደራባድ 44 ነጥብ ብቻ ሰጥቶ 6 መቺዎችን አስወጣ። ከዚያ በኋላ ግን ለዓመታት ቦታው አልጸናለትም። አንድ ጊዜ ይጠራል፣ ሌላ ጊዜ ይረሳል።

ዕጣውን የቀየረው፣ የሚገርመው፣ ራሱ ፈጣን ወርዋሪ የነበረ ሰው ነው። ኢምራን ካን በ1982 አምበል ሆኖ ቡድኑን ወደ እንግሊዝ ሲወስድ ቃድር አብሮት እንዲሄድ ፈለገ። መቺዎቹ ምስጢር የያዘ ሰው እንዲመስላቸውም ጺሙን እንዲያሳድግ መከረው። በዚያው ዓመት አውስትራሊያ ወደ ፓኪስታን መጣች፤ ቃድር በሦስት ቴስት 22 መቺ አስወጣ፣ ፓኪስታንም 3 ለ 0 አሸነፈች።

ከዚያ 1986 መጣ። ቦታው ፋይሳላባድ፣ ተጋጣሚው ያ የፈጣኖቹ ቡድን ዌስት ኢንዲስ። በሁለተኛው ዙር ቡድኑ በ53 ነጥብ ተጠራርጎ ወጣ። ቃድር 16 ነጥብ ብቻ ሰጥቶ 6ቱን ወሰደ፤ ቀሪዎቹን 4 ኢምራን። ዓለም በፍጥነቱ የሚፈራውን ቡድን የጣለው ዝግ ያለው ሰው ነበር።

በ1987 ደግሞ በላሆር እንግሊዝን በአንድ ዙር 56 ነጥብ ሰጥቶ 9 መቺ አስወጣ። በሦስቱ ግጥሚያዎች በድምሩ 30።

እዚህ ላይ ተቃውሞ አለ፣ መደበቅም የለበትም። በዚያ ዘመን ዳኞቹ የአስተናጋጁ አገር ሰዎች ነበሩ። በዚያው ጉብኝት አንድ እንግሊዛዊ መቺ ተባረሃል ሲባል አልወጣም ብሎ ቆመ፤ በፋይሳላባድ የእንግሊዝ አምበል ከዳኛው ጋር ጣት ተቀሳስሮ የአንድ ቀን ጨዋታ ተሰረዘ። ቃድር ያስወጣቸው መቺዎች አብዛኞቹም በአገሩ ሜዳ ናቸው። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን ከወራት በፊት በለንደን ኦቫል ሜዳ፣ በእንግሊዛውያን ዳኞች ፊት፣ በአንድ ዙር 7፣ በግጥሚያው 10 መቺ ያስወጣውም ያው ሰው ነው። ለዚያኛውስ ማን ይወቀሳል?

በ1990 መጨረሻ የመጨረሻ ቴስቱን ሲጫወት ድምሩ 67 ግጥሚያ፣ 236 መቺ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከእሱ በእጥፍ የሚበልጡ መጥተዋል። ከእነሱ አንዱ አውስትራሊያዊው ሼን ዋርን ነው፤ በ708 ጨረሰ። ይኸው ዋርን በ1994 ላሆር በሄደ ጊዜ የቃድርን ቤት አንኳኳ። ሁለቱ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ኳስ እንዴት እንደሚሾር ሲያወሩ አመሹ። ጡረታ የወጣው ሰው ለባዕድ አገር ተጫዋች የእጁን ምስጢር አልሰሰተም።

ቃድር በ2019 በላሆር አረፈ፤ 64 ዓመት ሊሞላው ዘጠኝ ቀን ቀርቶት ነበር። በዓመቱ ልጁ ኡስማን የፓኪስታንን መለያ ለብሶ ሜዳ ገባ። ሙያው? ሌግ ስፒን።

በ1982 ኢምራን እንደሌሎቹ አምበሎች ነጥብ እንዳይፈስ ብሎ ቢሰጋ ኖሮ፣ ዋርን የሚያንኳኳው የማንን በር ነበር? ችሎታው የቃድር ነው። ስህተቱን ችሎ ኳሷን ደግሞ ደጋግሞ የሰጠው አለቃ ግን ከታሪኩ ሊወጣ አይገባም። በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየትምህርት ቤቱ ቀስ ብሎ የሚበስል ስንት ሰው አለ፣ አንድ ጊዜ ስቶ ዳግም ኳስ ያልተሰጠው?